የሉማሜ በረሃ

ጀማለዲን በረሃ ወርዶ አያውቅም ነበር። ሰፈሩ ግን ወርዷል ብሎ ያምናል፤ ያመነውም ከራሱ ከጀማለዲን አፍ ሰምቶ ነው። ቁልቁለቱ ጉልበት እንደሚያንቀጠቅጥ፣ ሐሩሩ ምላስ እንደሚያደርቅ፣ ዝንጀሮው ከገደል አፋፍ ድንጋይ እንደሚያንከባልል አንድ በአንድ ተርኮላቸዋል። ያላየውን የሚያወራ ሰው ካየው ሰው ይልቅ ያሳምረዋል። ምን ያግደዋል?

ሥራው ፎቶ ማንሳት ነው። ደብረ ማርቆስ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ፣ በጸጉር ቤትና በጨርቅ ሱቅ መሀል የተሸጎጠች ጠባብ ፎቶ ቤት አለችው። ጉርድ ፎቶ ያነሳል፤ ባነር ያሳትማል፤ ከሙሽሮች ጀርባ አረንጓዴ ጨርቅ ይወጥርና በኮምፒውተር ፏፏቴ ሥር ያቆማቸዋል። ከደምበጫ ወዲያ ተሻግረው የማያውቁ ጥንዶች ከጀማለዲን ቤት ውቅያኖስ ዳር ተቃቅፈው ይወጣሉ። እንጀራ ነው፤ በዚህ ማንም አይወቅሰውም። እሱ ራሱ ግን "ካሜራህን ይዘህ ከዚች በር ከወጣህ ስንት ዓመትህ ነው?" ብለው ሲጠይቁት ይቆጣ ነበር። የሚቆጣ ሰው መልሱን ያውቀዋል ማለት ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። የጀማለዲን አባት ቤትና የእትዬ የብርጓል ቤት በአንድ አጥር የሚለያዩ ናቸው። አጥሩም ቢሆን ለስሙ ነው፤ ጀማለዲንና የእትዬ የብርጓል ልጅ ሙላት ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ሲሾልኩበት ውሻ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ሆኖ ነበር። ጀማለዲን ዐሥረኛ ክፍል ሲገባ አጎቱ አንድ አሮጌ የፊልም ካሜራ ሰጡት። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ የለ፣ እሑድ የለ። አንዱ ካሜራውን፣ ሌላው ቆሎውን ይዘው የጨሞጋን ወንዝ እየተከተሉ፣ ሲላቸው ወደ ጮቄ ሽቅብ፣ ሲላቸው ወደ አፋፉ ቁልቁል ይሄዳሉ። አንድ ፊልም ሠላሳ ስድስት ነው፤ ሠላሳ ስድስቱም ተራራ፣ ሜዳና ደመና ነው። ፊልሙን የሚያጥብላቸው ሰውዬ "ምነው ልጆች፣ ዘመድ የላችሁም እንዴ?" እያለ ይስቅባቸው ነበር።

ሙላት ካሜራ አይነካም። የእሱ ሙያ ቦታ መምረጥ ነው። "እዚህ ቁም። ቆይ፣ ቆይ፣ ደመናው ይለፍ" ይላል። ጀማለዲንም እንደ ታዘዘ ወታደር ይቆማል። በእነዚያ ቀናት የነበረውን ደስታ ጀማለዲን ከዚያ በኋላ በሠርጉ ቀን እንኳን አላገኘውም፤ ይህን ለባለቤቱ ለዘኪያ አልነገራትም እንጂ።

ሙላት አስተማሪ ሆነና ቆላ ተመደበ፤ ጨሞጋ ደጋውን ጨርሶ ወደ አባይ በረሃ ከሚወርድበት ቦታ። ስልክ የሚሠራበት አንድ ኮረብታ አለ፤ እሱ ላይ እየወጣ በየሳምንቱ ይደውላል።

"ጀማል፣ ና እንጂ! ጠዋት ጠዋት እዚህ የሚሆነውን ብታይ ታብዳለህ። የምትቆምበትንም ቦታ መርጬልሃለሁ።"

"እሺ፣ ይሄ የሠርግ ወር ይለፍና።"

የሠርጉ ወር ያልፋል፣ ጾሙ ይመጣል፤ ጾሙ ያልፋል፣ የሠርጉ ወር ይመጣል። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን ሠርጉ አልነበረም የያዘው። ንዳድን፣ የቆላውን ወባ ነው የፈራው። ደገኛ ንዳድን የሚፈራውን ያህል ጅብ አይፈራም፤ ጀማለዲን ደግሞ ከደገኛም የባሰ ፈሪ ነው።

አምና ሐምሌ ዐሥራ ሁለት ቀን፣ የቆላው ሰማይ ጥርት ብሎ ሳለ ደጋው ላይ ዶፍ ወረደ። ሙላት የጨሞጋ መሻገሪያ ላይ ካለው ትልቅ ሾላ ሥር ጫማውን አውልቆ፣ ሸክም የከበዳቸውን አንዲት ባልቴት እጃቸውን ይዞ አሻገረ። ጫማውን ሊወስድ ሲመለስ ደራሽ ጎርፍ መጥቶ ወሰደው። ያን ቀን ጀማለዲን ፎቶ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ዝናቡን እያየ "ተመስገን፣ ዘንድሮስ ክረምቱ አምሯል" ሲል ነበር። ወንዙ ሬሳውን አልመለሰም። እትዬ የብርጓል የተቀበሉት ያንኑ ጫማ ነው፤ ጫማ መሀል ተቀምጦ ተለቀሰ።

ከተዝካሩ በኋላ አንድ ቀን እትዬ የብርጓል ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ፎቶ ቤቱ መጡና ሙሽሮች የሚቀመጡባት ወንበር ላይ ቁጭ አሉ።

"ልጄ መቃብር የለውም፣ ጀማል" አሉ። "ሌላዋ እናት ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ የልጇን መቃብር ስማ፣ አልቅሳ፣ ቀለል ብሏት ትመለሳለች። እኔ የት ልሂድ? ጉልበቴ ያንን ቁልቁለት አይችለው። ያችን ቦታ አንሥተህ አምጣልኝ። የማለቅስበት ቦታ ስጠኝ።"

"እሺ እትዬ" አለ ጀማለዲን። ሌላ ምን ሊል?

ኅዳር ላይ ካሜራውን አንግቶ፣ ዘኪያ የቋጠረችለትን በሶ ይዞ ወጣ። ደጋው ላይ ባለችው ሉማሜ ከተማ፣ ሻይ ቤት ያላት እኅቱ አስያ ዘንድ አንድ ቀን አድሮ፣ በማግስቱ ወደ ቆላ የሚወርድ ሰው ፈልጎ አብሮ ሊሄድ ነበር ሐሳቡ። ሐሳቡ ደግ ነበር፤ ይሄን አንነፍገውም። ግን በማግስቱ ረፋድ ላይ ከሻይ ቤቱ በር ላይ አንድ ከቆላ የመጣ ሰው፣ ፀሐዩ አናት እየበሳ ሳለ፣ ሁለት ጋቢ ደራርቦ ጥርሱ ሲንቀጫቀጭ አየ። ወደ ጤና ጣቢያ የሚወስዱት ሁለት ሰዎች በብብቱ ይዘውታል። ጀማለዲን ሻዩን አስቀመጠ። "አስያ፣ ዛሬንም ልደር መሰለኝ" አላት።

"እደር፣ ቤትህ ነው። ግን ምነው ደም እንዳለበት ሰው ጓዳ ጓዳውን አልክ?"

ሁለት ቀን ጓዳ ተቀምጦ የእኅቱን ሳምቡሳ በላ። በሁለተኛው ቀን ስልኩን ከፈተና በረሃና ወንዝ ያለበት ፎቶ መፈለግ ጀመረ። አንድ አገኘ። ቀይ ገደል፣ ቀጭን ውሃ፣ ከውሃው ዳር አንድ ትልቅ ጥቁር ድንጋይ። ከጥጉ ላይ የጎብኚዎች ድንኳን ነበረበት፤ ደብረ ማርቆስ ሲመለስ በኮምፒውተር አጠፋው። አንድ ሰዓት እንኳን አልፈጀበትም። ከመመለሱ በፊት ጫማውን ጥሩ አድርጎ የሉማሜ አቧራ አልብሶት ነበር።

እትዬ የብርጓል በመስተዋት የተለበጠውን ፎቶ በሁለት እጃቸው ተቀብለው ሳሙት።

"ይህች ናት?"

"ይህች ናት፣ እትዬ።"

በዚሁ ቢያበቃ ምን ነበረበት! በማግስቱ ማለዳ እትዬ የብርጓል ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ወቅጠው፣ በስኒ ይዘው የጀማለዲንን በር አንኳኩ። "ቆላ ወርደህ መጥተህ ዝም ብለህ ትተኛለህ? ንዳዱ ሳይጀምርህ ብላ። በባዶ ሆድ ነው፣ ለሰባት ቀን።" ሰባት ቀን ሙሉ፣ በዚያ ጉልበታቸው፣ እየተመላለሱ እስኪውጠው ድረስ ከፊቱ ቆሙ። በሰባተኛው ቀን ስኒዋን ሲቀበሉት "ልጄን ወንዝ ወሰደው፤ አንተን ንዳድ አይወስድብኝም" አሉ። ጀማለዲን ያን ዕለት ሱቁን አልከፈተም።

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል። የጀማለዲን ውሸት ግን እያደር ከበደ። እትዬ የብርጓል ፎቶውን ከመደባቸው ትይዩ ሰቀሉትና በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ከፊቱ እየተቀመጡ አለቀሱ። ጥቁሩን ድንጋይ በጣታቸው እየነኩ "እዚህ ላይ ቁጭ ብሎ ነው ጫማውን ያወለቀው፤ አይደል ጀማል?" ይላሉ። "ይመስለኛል እትዬ" ይላል እሱ ወለል ወለሉን እያየ። ሲውል ሲያድር መስተዋቱ ላይ፣ በድንጋዩ ትክክል፣ የጣታቸው ወዝ ምልክት ሠራ። ጀማለዲን ያን ምልክት ካየ በኋላ በእሳቸው በር ማለፍ ተወና በጀርባ መንገድ ዞሮ መግባት ጀመረ።

ግንቦት መጨረሻ ላይ እትዬ የብርጓል ራሳቸው ሱቁ ድረስ መጡ። ፊታቸው ከስንት ጊዜ በኋላ ፈካ ብሏል።

"ለሙት ዓመቱ ቆለኞቹ ይመጣሉ ጀማል! ትምህርት ቤቱም፣ የመንደሩ ሰውም። ያችን ፎቶ ከዳሱ ፊት ለፊት አቆማታለሁ። አገራቸውን ሲያዩ ደስ አይላቸውም?"

"ይላቸዋል" አለ ጀማለዲን። እንደወጡ የያዘውን መቀስ አስቀመጠ። ቆለኞቹ ፎቶውን ሲያዩ ታየው። እርስ በርስ ሲተያዩ፣ አንዱ "ይሄ የማን አገር ነው?" ሲል፣ እትዬ የብርጓል በዚያ ሁሉ እንግዳ መሀል አፋቸውን ከፍተው ሲቀሩ ታየው።

የዚያን ዕለት ለዘኪያ ሁሉንም ነገራት። ዘኪያ "ነጭ ሽንኩርቱን ሲያበሉህ እኔ አጠገብህ ቆሜ 'አላህ ያቆይልን' እል ነበር እኮ!" አለች። "አንተ ሰው፣ አላህን አትፈራም? አሁኑኑ ሂድና እውነተኛውን አንሳ። ከዚያ ቁጭ ብለህ ንገራቸው።" ጀማለዲን የመጀመሪያውን ሰማ። ለሁለተኛው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

በሦስተኛው ቀን ወረደ። ቁልቁለቱ ጉልበት ያንቀጠቅጣል፤ ሐሩሩም ምላስ ያደርቃል፤ ውሸቱ ሁሉ እውነት ሆኖ ጠበቀው። ዝንጀሮ ብቻ አላየም። ሲመሽ መሻገሪያው አጠገብ ወዳለው የመጨረሻ ቤት ደረሰ። ባለቤቱ አያ ውበቱ የሚባሉ፣ ንግግር የማያበዙ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። ማን እንደሆነ ሲነግራቸው ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

"አስተማሪው ካሜራ ያለው ጓደኛ አለኝ ይል ነበር። አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ።"

"ዘገየህ" አሉት፤ ከዚያም የሚተኛበትን ቁርበት አነጠፉለት። አጎበር አልነበረም። ትንኙ ሲበላው አደረ።

ጀማለዲን የንጋቱን ሱብሒ ሰግዶ እንዳበቃ አያ ውበቱ ወደ ወንዙ ይዘውት ወረዱ። ጨሞጋ በግንቦት ቀጭን ናት፤ ያች ሰው የወሰደችው ወንዝ ናት ቢሉህ አታምንም። አሸዋው ነጭ ነው፤ ሾላው ብቻውን አረንጓዴ ነው፤ ከማዶ ገደሉ ገና ጨለማ ለብሶ ቆሟል። አያ ውበቱ ከዳርቻው ከፍ ብላ ያለች አንዲት ጠፍጣፋ ድንጋይ አሳዩት።

"አስተማሪው ጠዋት ጠዋት እዚህች ላይ ይቆም ነበር። 'ጓደኛዬ ሲመጣ የሚቆመው እዚህ ነው' እያለ ለተማሪዎቹም አሳይቷቸዋል። ድንጋይዋን ራሱ 'የጀማል' ነው የሚሏት።"

ጀማለዲን ድንጋይዋ ላይ ወጣ።

ፀሐይዋ መጀመሪያ የገደሉን ጫፍ ነካችው። ከዚያ ብርሃኑ ሰው ደረጃ ሲወርድ እንደሚያደርገው፣ አንድ እርከን እየወረደ፣ ቆም እያለ፣ ሌላ እርከን እየወረደ መጣ። አመድ የነበረው ገደል ቀላ፤ ቀይ የነበረው ማር መሰለ። ሥሩ ያለው አሸዋ ገና ጥላ ውስጥ ነው፤ ውሃዋ ብቻ መሀሉ ላይ ታበራለች። ጀማለዲን ካሜራውን አነሳ። የመጀመሪያዎቹ ሁሉ ነጭ ሆነው ጠፉ፤ ካሜራው በፎቶ ቤቱ መብራት ልክ እንደተስተካከለ ረስቶት ኖሯል። "አንተ ጅል!" አለ ራሱን፤ ሳቀም። አስተካከለ። አነሳ። በሆዱ ተኛና አነሳ። ጫማውን አውልቆ ውሃው ውስጥ ገባና አነሳ። ተመልሶ ድንጋይዋ ላይ ወጣና አነሳ። ያ ከስንት ዓመት በፊት የጠፋው ነገር፣ ደረቱ ውስጥ ያለው መንደርደር፣ ሳይታሰብ መጣና ያዘው። ላቡ በዓይኑ ይገባል፤ ጉልበቱ ተልጧል፤ ምንም አይሰማውም። ደስ አለው! አርባ ዓመት የሞላው፣ የልጆች አባት፣ አሸዋ ላይ እንደ ጥጃ ይፈነጫል።

አንዲት ደመና መጣችና ሾላውን ሸፈነችው። "ቆይ፣ ቆይ፣ ደመናው ይለፍ" አለ ጮክ ብሎ።

የራሱን ድምፅ ሲሰማ ቀጥ ብሎ ቆመ። ይህ ቃል የእሱ አይደለም። የሙላት ነው። ፀሐይዋ አናቱ ላይ ልትደርስ ነው፤ ይህን ሁሉ ሰዓት ሙላትን አንድ ጊዜ እንኳን አላሰበውም። ሙላት የሄደበት ውሃ ውስጥ ቆሞ ሲስቅ ነበር። ከሾላው ሥር አያ ውበቱ ተቀምጠው እያዩት ነው፤ ሲስቅም ሲፈነጭም አይተውታል። እፍረቱ ከእግሩ ጥፍር ጀምሮ እስከ ጆሮው ወጣ። ደግሞ ደስታው ውሸት ቢሆን በቀለለው ነበር። እውነተኛ ደስታ ነው። ሙላት በየሳምንቱ ኮረብታ እየወጣ "ና" ሲለው የነበረው ለዚህ ደስታ ነው፤ በሕይወት ሳለ ሁለቱም አብረው ሊካፈሉት ይችሉ ነበር። ጀማለዲን ድንጋይዋ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ፊቱን በካሜራው ማንገቻ ሸፍኖ አለቀሰ። ሙላት ከሞተ ወዲህ በወጉ ያለቀሰው ያን ጊዜ ነው።

እንባው ደረቅ ሲልለት ግን፣ እናንተዬ፣ ሰው አመሉን መች ይተዋል!

"አያ ውበቱ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት" አለ። "ለሙት ዓመቱ ደብረ ማርቆስ ሲመጡ... እኔን ኅዳር ላይ መጥቶ ነበር ቢሉልኝ።"

አያ ውበቱ እሺም አላሉ፣ እምቢም አላሉ። በቅል ያለውን ውሃ አቀበሉትና "ጠጣ፣ ፀሐዩ መትቶሃል" አሉት። ጀማለዲን ይህን ዝምታ እንደ እሺታ ቆጥሮ ዳገቱን ወጣ።

ደብረ ማርቆስ ተመልሶ ከሁሉም አንዷን መረጠ፤ ከድንጋይዋ ላይ ሆኖ ያነሳትን፣ ብርሃኑ ሾላው ላይ ሲደርስ። አሳተማት፤ ከበፊቱ የሚበልጥ ጥሩ ፍሬም አስገባላት። ያሰበው ዘዴ ቀላል ነው። "እትዬ፣ ያንኑ ቦታ በደንብ አጥርቼ አሳትሜልዎታለሁ" ይላል፤ አሮጌውን ያወርዳል፣ አዲሱን ይሰቅላል፣ ይወጣል። ከቆላ በተመለሰ በዐሥራ ሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ፎቶውን ታቅፎ ሄደ። ከጠዋት ጀምሮ ብርድ ብርድ ይለው ነበር፤ ፍርሃት መሰለው።

እትዬ የብርጓል እንደልማዳቸው ከፎቶው ትይዩ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። አዲሱን ተቀብለው አዩት። ራቅ አደረጉት፤ ቀረብ አደረጉት። ከዚያ መለሱለት።

"ውሰደው ልጄ። ይሄ አይደለም።"

"እንዴት አይደለም፣ እትዬ? ያው ቦታ ነው፤ በሌላ በኩል ስለተነሳ..."

"የልጄን ቦታ እኔን ልታሳየኝ ነው?" ፈገግ አሉ፤ ያ ፈገግታ ነው የገደለው። "ስድስት ወር ሙሉ ሳየው የኖርኩትን? ድንጋዩስ የታለ? እሱ የተቀመጠበት ጥቁሩ ድንጋይ? ይሄስ ዛፍ ከየት መጣ? አይ፣ እኔ የለመድኳት ትሻለኛለች። ቆለኞቹም የሚያውቋት እሷን ነው።"

 ውሸቱ በእሳቸው ልብ ሥር ሰዶ፣ እውነቱን "አላውቅህም" ብሎ ከደጅ መለሰው። ከዚህ ወዲያ ዘዴ የለም። ፎቶውን መሬት ላይ አስቀመጠና ከመደቡ ሥር በርከክ አለ።

"እትዬ፣ ኅዳር ላይ አልወረድኩም ነበር።"

"ምን አልክ?"

"በረሃ አልወረድኩም። ንዳድ ፈራሁ። ሉማሜ ነበርኩ፣ አስያ ቤት። ያ ግድግዳው ላይ ያለው ከኢንተርኔት ያወረድኩት ነው። የሙላት ቦታ ይሄኛው ነው። ገና በቀደም ሄጄ አነሳሁት።"

እትዬ የብርጓል ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ ቀና ብለው አዩት። እንደገና ወደ እሱ ዞሩ።

"ሉማሜ?"

"አዎ።"

"ነጭ ሽንኩርቱንስ?" አሉ በቀስታ። "ነጭ ሽንኩርቱን ለምን በላኸው?"

ቢጮሁበት፣ ቢረግሙት፣ በበትር ቢሉት በወደደ።  ሰባት ማለዳ፣ ሰባት ስኒ፣ ያ የሚመላለስ ደካማ ጉልበት፣ ሁሉም ፊቱ ተደረደረ። አንገቱን ደፋ።

"እሺ፣ ይሄ ታዲያ የማን አገር ነው?" አሉ እትዬ የብርጓል ግድግዳውን እያሳዩ። ድምፃቸው አሁን መሻከር ጀምሯል።

"አላውቅም፣ እትዬ።"

"አታውቅም! ስድስት ወር የማን ወንዝ ላይ እንዳለቀስኩ እንኳን አታውቅም!" ተነሡ፤ ፎቶውን አወረዱትና የጣታቸው ወዝ ያረፈበትን ቦታ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት። ጠረጉት፤ ጠረጉት። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙረው መሬት ላይ አቆሙት። ጀማለዲን "ልውሰደው?" ሲል "አትንካው!" አሉ። "የሰው ልጅ እንባ አለበት። የማን አገር እንደሆነ ፈልገህ ትነግረኛለህ፤ እዚያም ልጇ የጠፋባት አትታጣም።"

ተመልሰው መደቡ ላይ ተቀመጡና አዲሱን ፎቶ ጉልበታቸው ላይ አደረጉት። ለረጅም ጊዜ አዩት።

"ጫማውን የት ነው ያወለቀው?"

"እዚህ፣ ከሾላው ሥር። እዚህች ሥሯ ጎበጥ ያለችበት ላይ። አያ ውበቱ አሳይተውኛል።"

ጣታቸው ሾላው ሥር ሄዶ ቆመ። "ድንጋይስ የለም?"

"አለ፣ እትዬ። ፎቶው ውስጥ ግን የለም። እኔ ላዩ ላይ ቆሜ ነው ያነሳሁት። ሙላት ነው የመረጠልኝ። በሕይወት ሳለ፣ 'ጀማል ሲመጣ እዚህ ነው የሚቆመው' ብሎ..." ሊጨርሰው አልቻለም። ጥርሱ ይንቀጫቀጭ ጀመር። ከሐፍረት መስሎት ከንፈሩን ነከሰ፤ አልቆም አለው። ትከሻው፣ ጉልበቱ፣ ሁለመናው ተንዘፈዘፈ።

እትዬ የብርጓል አዩት። እጃቸውን ዘርግተው፣ በአይበሉባቸው ግንባሩን ነኩት፤ እንደ እሳት ነው።

"ይሄስ?" አሉት። "ይሄም የሉማሜ ነው?"

"አይደለም፣ እትዬ።"

ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ። ጀማለዲን በርከክ እንዳለ፣ የሙቀጫውን ድምፅ ሰማ። ነጭ ሽንኩርት እንዲያ ተደርጎ አይወቀጥም፤ ያ ድንጋይ የሚሰብር አወቃቀጥ ነው። ለረጅም ጊዜ ወቀጡ። ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቷል፤ በእጃቸው ያችው ስኒ አለች።

"ብላ። ከዚያ በቀጥታ ጤና ጣቢያ ትሄዳለህ። ሐምሌ ዐሥራ ሁለት ደግሞ ዳሱ መሀል ቆመህ ሁሉንም ለቆለኞቹ ትነግራቸዋለህ። ሉማሜንም፣ ነጭ ሽንኩርቱንም።"

"እሺ፣ እትዬ።"

"ይቅር አላልኩህም።"

"አውቃለሁ።"

"ለሰባት ቀን ነው" አሉ ስኒዋን እጁ ላይ እያደረጉ። "አሁን ግን እኔ አላመጣልህም። አንተ ትመጣለህ፤ እዚህ፣ ልጄ ፊት ቁጭ ብለህ ትበላለህ።"

ጀማለዲን በላ። እያቃጠለው፣ እየተንቀጠቀጠ፣ እንባው ስኒዋ ውስጥ እየገባ በላ። እትዬ የብርጓል እስኪውጠው ድረስ ከፊቱ ቆሙ።